የጓንት ሰፊው የትውልድ ሐረግ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከእኔ ዘንድ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ግድብ ትሰሙ ዘንድ ጠብቃችሁ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዛሬ የምናገረው በአንዲት ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ፣ በስትራትፎርድ፣ ጓንት እየሰፋ ይኖር ስለ ነበረ አንድ ባለ እጅ ነው። ሰውየው ጆን ሼክስፒር ይባላል። ልጁ ዊልያም በዓለም ሁሉ የታወቀ ባለ ቅኔ ስለ ሆነ ብዙ ሊቃውንት የአባቱንም ታሪክ መርምረዋል። እኔ ግን ልጁን ትቼ አባቱን እንደ ማንኛውም ባለ እጅ በመቍጠር፣ የትውልድ ሐረጉ በምን ዓይነት ማስረጃ እንደ ተገኘ ላስረዳ እወዳለሁ። ስለ እንግሊዝ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጆንን በከተማው መዝገብ ለመጀመሪያ ጊዜ የምናገኘው በክብር ስፍራ አይደለም። በ1552 በሄንሊ መንገድ ላይ ፍግ ከምሯል ተብሎ አንድ ሽልንግ ተቀጣ። ቅጣቱን የመዘገበው ጸሐፊ ገንዘቡ እንዲሰበሰብ እንጂ ታሪክ እንዲጻፍ አላሰበም፤ ሆኖም ጆን በዚያ ዓመት በዚያች ከተማ እንደ ነበረ ዛሬ የምናውቀው በዚያች መሥመር ነው። በ1556 ደግሞ በአንድ የፍርድ ቤት ክርክር ሙያው «ጓንት ሰፊ» ተብሎ ተጻፈ፤ በዚያው ዓመት በሄንሊ መንገድ ቤት ገዛ። ቆዳ እያለፋ ጓንት የሚሰፋው ይህ ሰው፣ በሰነድ ላይ ስሙን በመጻፍ ፈንታ ኮምፓስ የሚመስል የሙያውን መሣሪያ ሥሎ ያለፈበት ጊዜ አለ። በ1568 ግን የከተማው ሸንጎ የበላይ ሹም ለመሆን በቅቷል።

ከጆን ወደ አባቱ የሚያሻግረን የ1561 ሰነድ ነው። ስኒተርፊልድ በምትባለው ጎረቤት መንደር የሞተውን የገበሬውን የሪቻርድን ንብረት ያስተዳድር ዘንድ ለልጁ ለጆን ፈቃድ ተሰጠ፤ የንብረቱም ግምት 38 ፓውንድ ከ17 ሽልንግ ነበረ። ይህ ሰነድ ጆንን የሚጠራው ጓንት ሰፊ ብሎ ሳይሆን ገበሬ ብሎ ነው። ታዲያ ሁለቱ ጆኖች አንድ ሰው መሆናቸው በምን ይታወቃል? ሪቻርድ ያርሰው የነበረው መሬት የሮበርት አርደን ነበረ። ሮበርትም በ1556 በተናዘዘው ኑዛዜ መሬት ካወረሳቸው አንዷ ልጁ ሜሪ ናት፤ ይህችው ሜሪ የጓንት ሰፊው ሚስት ሆነች። ስለዚህ ማስረጃው አንድ ወረቀት ሳይሆን እርስ በርሳቸው የሚደጋገፉ ብዙ ሰነዶች ናቸው። ከሪቻርድ በላይ ግን በሰነድ የተረጋገጠ አባት አልተገኘም። እውነተኛው ሐረግ እዚያ ላይ ይቆማል።

የደብር መዝገብም ቢሆን ሳይመረመር አይታመንም። በ1538 ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ ደብር ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግብ አዘዘ። የስትራትፎርድ መዝገብ የሚጀምረው ከ1558 ሲሆን፣ የዚያ ዘመን ክፍል ዛሬ የሚገኘው በ1600 በብራና ላይ በተገለበጠ ቅጂ ነው። ከቅጂ የተቀዳ ንድፍ ምን ያህል ስሕተት ሊሸከም እንደሚችል በዚህ አዳራሽ ላለ ሰው መንገር አያስፈልግም። ከዚህ የባሰው ወጥመድ የስም መመሳሰል ነው። በ1709 የዊልያምን ሕይወት የጻፈው ኒኮላስ ሮው፣ ጆን አሥር ልጆች እንደ ነበሩት ገለጸ። የጓንት ሰፊው ልጆች ግን ስምንት ናቸው። ስሕተቱ የመጣው በዚያችው ከተማ ይኖር ከነበረ ሌላ ጆን ሼክስፒር፣ ከአንድ ጫማ ሰፊ ጋር ከመደባለቁ እንደ ሆነ ይታመናል። ከስሙ ጋር ሙያውን፣ መንደሩንና የሚስቱን ስም አብሮ ያልመረመረ ሰው፣ የጎረቤትን ልጆች ለአያቱ ይሰጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልድረስ። በ1596 ለጆን የመኳንንት ጋሻ ዓርማ ሲፈቀድለት፣ የፈቃዱ ረቂቅ የቀድሞ አባቶቹ ለንጉሥ ሄንሪ ሰባተኛ ባደረጉት አገልግሎት እንደ ተሸለሙ ይናገራል። ይህን ሽልማት የሚያስረዳ መዝገብ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ስለ መርፌውና ስለ ቆዳው ረቂቁ አያወሳም። የፍጉ ቅጣት ያዋርዳል፤ ነገር ግን እውነት ነው። የዓርማው ታሪክ ያኰራል፤ ነገር ግን የሚደግፈው የለም።

ይህን ሳነብ የራሴ ቤት ትዝ አለኝ። በቤታችን ትውልድ እስከ ሰባት ቤት ይቈጠራል፤ እኔም በልጅነቴ በቃሌ አጥንቼዋለሁ። በቈጠራው መካከል አንድ ሰው እንደ ተዘለሉ ያወቅሁት ግን የዩኒቨርስቲ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ከያዝሁ በኋላ ነው። ቅድመ አያቴ ቆዳ ፋቂ ነበሩ። ቤተ ዘመዱ በዚህ አፍሮ፣ በእሳቸው ቦታ ባለ መሬት የነበሩትን ወንድማቸውን አስገብቶ ሲቈጥር ኖሯል። እውነተኛውን ስም የነገሩኝ ሴት አያቴ ናቸው፤ እሳቸውም በሩን አስዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። በዓመቱ ዐረፉ። ያን ቀን ባልጠይቃቸው ኖሮ ስሙ አብሯቸው በተቀበረ ነበር፤ የሚመሰክር ሌላ መዝገብ የለምና።

በአገራችን የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በእኛ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለነበሩት ብዙዎች መዝገባቸው የሽማግሌዎችና የባልቴቶች ትዝታ ነው። ስለዚህ የማኅበሩን አባላት የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወላጆቻችሁንና አያቶቻችሁን ስትጠይቁ «ማን ወለደው?» ብላችሁ አታብቁ፤ «የት ይኖር ነበር? በምን ሥራ ይተዳደር ነበር?» ብላችሁም ጠይቁ፤ የሰማችሁትንም ከነገራችሁ ሰው ስምና ከዕለቱ ጋር ጻፉ። እኛ በእጅ ሥራና በዕውቀት የምንተዳደር ሰዎች፣ በእጃቸው ሠርተው ላሳደጉን አባቶች የምናፍር ከሆነ ሙያችንን በምን አፍ እናከብራለን?