ሥራ ለሚጀምሩ ልጆቻችንና ተያዥ ለሚሆኑላቸው ጎረቤቶች
(በሰፈራችን መረዳጃ ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን ከኮሌጅና ከዩኒቨርሲቲ ለተመረቃችሁ ልጆቻችን እንኳን ደስ ያላችሁ እንላለን። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ የመውጫ ፈተናም ስለተጨመረባችሁ ድካማችሁን እናውቃለን። እኛ የኮሚቴው አባላት አብዛኞቻችን ከአንደኛ ደረጃ ያላለፍን ስለሆንን ስለ ትምህርታችሁ የምንመክረው የለንም። የምናውቀው አንድ ነገር ግን አለ፤ እሱም ተያዥ ነው።

እንደሚታወቀው ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ክፍል ወይም ሽያጭ ሆኖ የሚቀጠር ሰው ተያዥ አምጣ ይባላል። ዲፕሎማውን ትምህርት ቤት ይሰጣል፤ ተያዥ የሚገኘው ግን ከሰፈር ነው። ልጁም ደመወዝተኛ ጎረቤት ፈልጎ እትዬ እገሊትን፣ ጋሼ እገሌን ደጅ ይጠናል። እነሱም ከሕፃንነቱ ስለሚያውቁት እምቢ ማለት ይከብዳቸዋል፤ ከመሥሪያ ቤታቸው የደመወዝ ደብዳቤ አጽፈው ይፈርማሉ። ደግ ሥራ ነው። ግን ምን ላይ እንደፈረምን ስንቶቻችን አንብበናል?

በሰፈራችን የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ ስም አንጠራም። አንዲት ልጅ በአንድ ድርጅት መጋዘን ተቀጠረች። በመጀመሪያው ቀን «እዚህ ላይ ፈርሚ» ተባለች፤ ፈረመች። ወረቀቱ የርክክብ ነበር፤ ዕቃው ግን አልተቆጠረም። በስድስተኛው ወር ቆጠራ ሲደረግ ጉድለት ተገኘ። ከእሷ በፊት የጎደለ ይሁን በእሷ ጊዜ፣ ማን ይለየው? የክፈይ ደብዳቤው የመጣው ተያዥ ለሆነችላት ጎረቤት ነው፤ ሦስት ልጅ ብቻዋን ለምታሳድግ ሴት። ሁለቱ ቤት እስከ ዛሬ ቡና አይጠራሩም።

እንግዲህ ልጆቻችን፣ ሳትቆጥሩ አትፈርሙ። አለቃዬ ይቀየመኛል ብላችሁ አትፍሩ፤ ደኅና አለቃ የሚቆጥር ሠራተኛ ነው የሚወደው። የሚቆጣ ካለ ደግሞ ያኔ በደንብ ቁጠሩ! ዕቃ ያለ ወረቀት አታስገቡ፣ አታስወጡ። «ለዛሬ ብቻ፣ ነገ እመልሳለሁ» ተብሎ ከካዝና የሚወጣ ብር፣ ጠያቂው የልብ ጓደኛም ቢሆን፣ የእትዬ እገሊት ደመወዝ መሆኑን አስቡት።

በግል ድርጅት ለምትቀጠሩ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለ። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም። የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎ፣ ፈርሞ ይሰጣችኋል። ጎደለ ተብሎም ደመወዝ ዝም ብሎ አይቆረጥም፤ ሕግ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የራሳችሁ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቢቆረጥም ከወር ደመወዝ ሲሶ አያልፍም። ስለዚህ ደንግጣችሁ የእምነት ቃል የሚመስል ነገር ላይ እንዳትፈርሙ፤ መጀመሪያ ለቤተሰብ አሳዩ።

አሁን ወደ ተያዦች እንምጣ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1922 እንደሚለው፣ ዋሱ የሚጠየቅበት የመጨረሻው የገንዘብ ልክ በውሉ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። ታዲያ የብሩ ቦታ ባዶ ሆኖ ሲቀርብላችሁ አትፈርሙ፤ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ማን ምን እንደሚሞላበት አይታወቅም። «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል ካለበትም ልብ በሉ፤ ልጁ ሳይጠየቅ በቀጥታ እናንተ ልትጠየቁ ትችላላችሁ ማለት ነው። የፈረማችሁትን ኮፒ ሳትይዙ አትውጡ። ልጁን ውሉን አሳየኝ ማለትም ነውር የለውም፤ እናንተም ልጆች ተያዣችሁ ሲጠይቃችሁ ፊት አታጥቁሩ።

ሥራ ስትለቁ ደግሞ ዝም ብሎ መቅረት የለም። አስቆጥራችሁ አስረክቡ፣ ክሊራንስ ያዙ፣ የተያዣችሁን የዋስትና ወረቀት አስመልሱ። በአዋጁ መሠረት የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ጊዜና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ ይሰጣችኋል። ሳይወስዱ የቀሩ ልጆች ሁለት ዓመት ሠርተው እንደገና «ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲፈልጉ አይተናል።

የዋስትና ውል ናሙና በማኅበሩ ቢሮ ተቀምጧል። ለመፈረም የተጠየቀ ሰው ወረቀቱን ይዞ እሑድ ከስብሰባ በኋላ ቢመጣ አብረን እናነበዋለን።