ሙቅ ውኃና የእንጨት ሸክም

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ አባሎች የተነገረ)



በዚህ የበዓል ቀን የሳይንስ ክበብ አባሎች ስለ ከዋክብት ወይም ስለ ጨረቃ ጉዞ ይናገራሉ ብሎ የጠበቀ ሰው ቢኖር፣ እኛ የመረጥነው ነገር እጅግ ትንሽ መስሎ ይታየው ይሆናል። የምንናገረው ከጓዳ ስለማይወጣው ስለ ሙቅ ውኃ ነው። ነገር ግን አብዛኞቻችን የገጠር ልጆች እንደ መሆናችን መጠን፣ በክፍል የተማርነው የሙቀት ትምህርት መጀመሪያ ሊጠቅም የሚገባው በእናቶቻችን ምድጃ ላይ ነው ብለን እናምናለን። ስለዚህ ጥቂት ጊዜ በትዕግሥት እንድታዳምጡን በትሕትና እንለምናለን።

በገጠር ቤት ሙቅ ውኃ አያሌ ሥራ አለው። ሕፃን ይታጠብበታል፤ አራስ ገላዋን ትታጠብበታለች፤ ማታ ከእርሻ ለተመለሰ አባትና ከመንገድ ለደረሰ እንግዳ እግር ይታጠብበታል፤ ዕቃና ልብስ ይጸዳበታል፤ ቡናውም ሻዩም ያለ እርሱ አይሆንም። የወንዝና የምንጭ ውኃም ለመጠጥ ደኅና እንዲሆን ይፈላል። በደጋ አገር ንጋቱ ብርድ ስለ ሆነ ልጅ ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ከመታጠብ ይሸሻል። እንግዲህ በአገራችን ገጠር የብዙ ሰዎችን ዐይን የሚያጠፋውን ትራኮማን ለመከላከል ከሚመከሩት ዐበይት ነገሮች አንዱ የልጆችን ፊት ዘወትር መታጠብ መሆኑን ስናስታውስ፣ ለብ ያለ ውኃ በቤት መኖሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ እንረዳለን።

ይህ ውኃ የሚሞቀው ግን በማን ድካም ነው? እንጨቱን ለቅመው የሚያመጡት፣ ውኃውን ቀድተው የሚሸከሙት፣ ጢሱንም የሚጠጡት ከሁሉ ይልቅ እናቶቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። እንጨት ፍለጋ ሄዳ ያረፈደች ልጅ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ሳትማር ትቀራለች፤ ማታም ደክሟት ደብተሯን ሳትገልጥ ትተኛለች። የጢሱ ጉዳት ደግሞ ዐይን በማስለቀስ አያበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጠው፣ በቤት ውስጥ ከሚነድድ እሳት በሚወጣ ጢስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህም መካከል ብዙ ሕፃናት ነበሩ።

የእንጨት ችግር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት አጥታ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር። ከተማዋን ከዚያ ችግር ካወጧት ነገሮች አንዱ ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬም ዛፍ መትከል ተገቢ ነው። ነገር ግን የሚተከለው ሁሉ በየምድጃው በከንቱ የሚነድድ ከሆነ፣ በቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ይሆንብናል። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ይነድዳል፤ ኩበት ሲነድድም እርሻው ማዳበሪያውን ያጣል።

አባቶቻችን «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ። ስለ ወጡ እውነታቸውን ነው። ስለ እንጨቱ ግን ሒሳብ እንሥራ።

አንድ ሊትር ውኃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ አንድ ኪሎ ካሎሪ ሙቀት እንደሚያስፈልግ በክፍል ተምረናል። እንግዲህ 20 ሊትር የሚይዝ አንድ ጀሪካን ውኃ ከ15 ዲግሪ ወደ 45 ዲግሪ ለማድረስ 20 ጊዜ 30፣ ማለት 600 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልጋል። በደንብ የደረቀ አንድ ኪሎ እንጨት ሲነድድ 3,500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሰጣል። እንዲህ ከሆነ ከሩብ ኪሎ ያነሰ እንጨት በበቃ ነበር። ነገር ግን በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነድደው እሳት ወደ ድስቱ የሚገባው ሙቀት ከመቶ 10 እስከ 15 እጅ ብቻ ነው። የቀረው በነፋስ ይበተናል፤ መሬቱንና ግድግዳውን ያሞቃል፤ ከጢስ ጋርም ይወጣል። ስለዚህ በ10 እጅ ብናሰላው ያ ጀሪካን 1.7 ኪሎ እንጨት ይበላል። ከእሳቱ ሩቡን ለድስቱ የሚያደርስ ደኅና ምድጃ ቢሆን ግን 0.7 ኪሎ ይበቃው ነበር። ልዩነቱ በቀን አንድ ኪሎ ነው፤ በዓመት 365 ኪሎ ይሆናል። አንድ ሸክም 30 ኪሎ ነው ብንል፣ ለአንድ ጀሪካን ሙቅ ውኃ ብቻ በዓመት 12 ሸክም ከአንዲት እናት ጀርባ ይወርዳል ማለት ነው። ጉልቻ ቢለወጥ ወጡ ባይጣፍጥም ሸክሙ ይቀልላል።

አሁን መፍትሔ ወደምንላቸው ነገሮች እንለፍ። ገንዘብ ከማይጠይቀው እንጀምራለን።

አንደኛ፣ ድስት ይከደን። አንድ ሊትር ውኃ ተንኖ ሲጠፋ ከ500 ኪሎ ካሎሪ በላይ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ይህም ያን የ20 ሊትር ጀሪካን ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ብዙም የማይርቅ ነው። ክዳኑን ከፍተን እንፋሎቱን ስናይ የምናየው የእንጨቱን መሄድ ነው።

ሁለተኛ፣ እንጨት ይድረቅ። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ እስከ ግማሽ ድረስ ውኃ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው እንጨት መጀመሪያ ራሱን ለማድረቅ ይነድዳል፤ ትርፉም ጢስ ነው። በበጋ ተፈልጦ ዝናብ በማይደርስበት መጠለያ ሥር የተደረደረ እንጨት በክረምት ያኰራል።

ሦስተኛ፣ የሞቀው ውኃ ሙቀቱን እንዳያጣ ይጠበቅ። ለቡናና ለሻይ ፔርሙስ ያለው ቤት ይህን ያውቃል። ለብዙ ውኃ ግን ትልቅ ቅርጫት ወይም ሣጥን ወስዶ ዙሪያውንና ታቹን በደረቅ የጤፍ ጭድ ጠቅጥቆ፣ የሞቀውን ድስት ከነክዳኑ በመካከሉ አስቀምጦ፣ በላዩ ጭድ የተሞላ ጆንያ ቢደፉበት ውኃው ለብዙ ሰዓት እንደ ሞቀ ይቆያል። ማታ ወጥ ከወጣ በኋላ በቀረው ፍም የሞቀ ውኃ እንዲህ ቢቀመጥ፣ ጠዋት ልጆች ፊታቸውን የሚታጠቡበት ለብ ያለ ውኃ ይገኛል፤ ለዚህም አዲስ እሳት አይነድድም።

አራተኛው ምድጃውን መለወጥ ነው። በአገራችን ከታወቁት እንጨት ቆጣቢ ምድጃዎች መካከል ምርጥ የተባለው ለእንጀራ መጋገሪያ የተሠራ ነው፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን ወደ ግማሽ ያህል ይቀንሳል። ለድስትና ለማንቆርቆሪያ የሚሆነው ደግሞ ትክክል የተባለው ነው። የዚህ አሠራር ቀላል ነው፤ እንጨቱ ከታች በጠባብ በር ይገባል፣ እሳቱ በአጭር የሸክላ ጭስ ማውጫ መሰል ቀዳዳ ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፣ ነበልባሉም ሳይበተን የድስቱን ታችና ጎን ይልሳል። አየር በደንብ ስለሚያገኝም ጢሱ ያነሰ ይሆናል። ከብት ላለው ቤት ከአዛባ የሚገኝ ጋዝም አለ፤ ቢያንስ አራት ከብት በበረት የሚያሳድርና ውኃ በቅርብ የሚያገኝ ቤተ ሰብ ጢስ በሌለው እሳት ውኃውን ሊያሞቅ፣ የቀረውንም አዛባ ለእርሻው ማዳበሪያ ሊያደርግ ይችላል።

አምስተኛዋ ረዳታችን ፀሐይ ናት። ከማንም ሳንበደር ያለን ሀብት ይህ ነው። በብዙው የአገራችን ክፍል በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል ከ4,000 ኪሎ ካሎሪ ይበልጣል። የዚህን ሲሶ ብቻ መያዝ ብንችል 40 ሊትር ያህል ውኃ ከ15 ወደ 45 ዲግሪ እናደርሳለን። ጥበቡም የቆየ ነው። የስዊሱ ሊቅ ሆራስ ደ ሶሱር በመስተዋት የተከደነ ሣጥን በፀሐይ ምን ያህል እንደሚሞቅ እ.ኤ.አ. በ1767 ዓ.ም. መርምሮ ነበር። ክላረንስ ኬምፕ የተባለ አሜሪካዊም እ.ኤ.አ. በ1891 ዓ.ም. ጥቁር የተቀቡ የውኃ ጋኖችን በእንዲህ ያለ ሣጥን ውስጥ አድርጎ የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። እስራኤልም እ.ኤ.አ. በ1980 ዓ.ም. አዲስ የሚሠሩ መኖሪያ ቤቶች የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ እንዲኖራቸው በሕግ ደንግጋለች። በአዲስ አበባም በየጣራው ላይ እንዲህ ያሉ ማሞቂያዎችን እናያለን።

የፋብሪካው ዕቃ ዋጋው ለገበሬ ይከብድ ይሆናል። ነገር ግን ጥቁር የተቀባ በርሜል ከነፋስ በተከለለ ቦታ፣ በመስተዋት ወይም በላስቲክ በተሸፈነ ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ ያንኑ ሥራ በመጠኑ ይሠራል። ይህን የሚሠራ ሰው ጥቂት ነገሮችን ይጠንቀቅ። የጸረ ተባይ ወይም የሌላ መርዝ በርሜል ከቶ አይወሰድ። ውኃ ሲሞቅ ስለሚሰፋ በርሜሉ መተንፈሻ ቀዳዳ ይኑረው። የደጋ ሌሊት ሙቀቱን ስለሚነጥቅ ውኃው አመሻሽ ላይ ቢሠራበት ወይም ወደ ጭዱ ቅርጫት ቢገለበጥ ይሻላል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ አገር በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲበረታ ደግሞ ቧንቧውን ማታ ማጉደል ነው።

ከሁሉ በላይ፣ በፀሐይ የሞቀ ውኃ ለመታጠቢያ እንጂ ሳይፈላ ለመጠጥ አይሆንም። ሆኖም ለማፍላትም ይረዳል። በ2,400 ሜትር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከ15 ዲግሪ የሚነሣ ውኃ 77 ዲግሪ ይቀረዋል፤ ፀሐይ 45 ያደረሰችው ግን የሚቀረው 47 ብቻ ነው። ከማገዶው ከመቶ 40 እጅ ያህሉ ተረፈ ማለት ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ አገር ለመጠጥ የሚሆን ውኃ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ መቆየት እንደሚገባውም እናስታውሳለን።

በዚህ ነገር ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎችን ሰምተናል፤ ልንንቃቸውም አይገባም። ጢስ የሣሩን ክዳን ከምስጥ ይጠብቃል የሚሉ አሉ፤ ሦስት ጉልቻ ቤቱን ያሞቃል፣ ማታም ብርሃን ይሰጣል የሚሉም አሉ። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ጣራን ለማዳን ሲባል የሕፃን ሳንባ ጢስ ማጠጣት ልክ ያልሆነ ግብይት ነው። ክረምት ሲሆን ፀሐይ ትጠፋለች የሚሉም አሉ፤ ስለዚህ ነው ፀሐይን ከምድጃ ጋር እንጂ በምድጃ ፈንታ አናድርጋት የምንለው። ሌሎች ደግሞ መብራት እስኪገባ እንጠብቅ ይላሉ። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁ ሁላችንንም አስደስቶናል። ሽቦው ገና ያልደረሰባቸው ብዙ መንደሮች ግን አሉ፤ ዛሬ የተወለደው ሕፃንም ዛሬ ይታጠባል። መብራቱ ሲመጣም ክዳንና ጭድ ያስተማሩን ቁጠባ በኤሌክትሪክ ሒሳብ ላይ ይጠቅመናል።

የተወደዳችሁ ጓደኞቻችን፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደ ተባለ፣ ነገሩ ከእያንዳንዳችን ቤት ቢጀመር ቀበሌውን፣ ከዚያም ወረዳውን ይለውጣል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር ወደ ቤታችን ይዘን እንሂድ፤ የድስት ክዳን፣ የደረቀ እንጨት፣ በጭድ የተሞላ ቅርጫት። ወንዶች ልጆችም እንጨት መልቀምና ውኃ መቅዳት የእኅቶቻችን ዕዳ ብቻ ነው ማለትን እንተው። እናቶቻችንን ለማስተማር ስንሄድ ግን በትሕትና ይሁን፤ እሳትን ከእኛ ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና፣ ለድስታቸው የማይስማማ ምድጃ ብናመጣላቸው ከጥግ ተጥሎ የዶሮ ማደሪያ ይሆናል።

ውድ ወላጆቻችን፤ ወደ ትምህርት ቤት የላካችሁን አንድ ቀን እንድንጠቅማችሁ ነው። ያ ቀን ዲፕሎማ እስክናገኝ መቆየት የለበትም። የአንድ ሸክም እንጨት መቅለል ለአንዲት ልጅ አንድ ተጨማሪ የትምህርት ጧት ነው፤ የሚመጣው ዓመት በዓል ሲከበርም በክፍሎቻችን ውስጥ ማልደው የተቀመጡ እኅቶቻችን በዝተው እንዲገኙ እንመኛለን።