ቡሬ፣ የትኛዋ?
መቱ ላይ «ቡሬ እሄዳለሁ» ያለ ሰው የኢሉባቦሯን ማለቱ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ከሆነ የጎጃሟን። መቱ የተጻፈ ደብዳቤ ግን ደብረ ማርቆስ ቢነበብም ቡሬዋ አትለወጥም።

ሰስማንና ስቲል በፈረንጆቹ 1975 ኤም አይ ቲ ውስጥ የፈጠሩት ስኪም የተባለ የፕሮግራም ቋንቋም እንዲሁ ነው፦ ፋንክሽን የሚባለው የኮድ ቁራጭ የትም ይጠራ የት፣ የስሞቹ ፍቺ የሚፈለገው ከተጻፈበት ቦታ ነው። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር አብዛኛውን ጊዜ የውስጥ ስሞችን ይጥልና ዋጋቸው የት እንደተቀመጠ ብቻ ይይዛል፤ ፋንክሽኑም የተጻፈበትን አካባቢ አዝሎ ይዞራል።

ጣጣው ያለው ኮዱ ውስጥ በስም ፈንታ ኦብጀክት ራሱ ሲሰካ ነው። ቁጥር ወይም ጽሑፍ ከሆነ ግድ የለም፣ ከኮዱ ጋር ዲስክ ላይ ይጻፋል። የተከፈተ ፋይል ቢሆንስ? ሜሞሪ ላይ እያለ ይሠራል፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ግን የለም። ጥሩ ኮምፓይለር እንዲህ ያለውን ዲስክ ላይ ጻፍ ሲሉት ያኔውኑ እንቢ ይላል።