አትጨነቁ ማለት አታስቡ ማለት ነውን?



በእግዚአብሔር የሚታመን ሰው ስለ ነገ ማሰብን ይተዋልን? ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ይህ ነው።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6፣ ከቁጥር 25 እስከ 34፣ ጌታችን የሚከለክለው ጭንቀት በግሪክኛው «ሜሪምናኦ» በሚል ግስ ተገልጿል፤ ግሱም በዚህ ክፍል 6 ጊዜ ይገኛል። ሐዋርያው ጳውሎስም በፊልጵስዩስ 4፥6 በዚሁ ግስ መጨነቅን ይከለክላል። ነገር ግን በዚያው መልእክት 2፥20 ጢሞቴዎስን ያመሰገነበት ግስ ራሱ ይኸው ነው፤ ጢሞቴዎስ ስለ ምእመናኑ ከልቡ ያስብ ነበርና።

እንግዲህ የተከለከለው ማሰብ አይደለም። የተከለከለው ነገን ብቻችንን ለመሸከም መሞከራችን ነው። ነገን ለአባቱ ያስረከበ ልብ ግን ስለ ባልንጀራው የሚያስብበት ፋታ ያገኛል።

ጳውሎስ ይህን የጻፈው እስረኛ ሆኖ ነው። በጭንቀት ፈንታ ጸሎትንና ምስጋናን ሲመክር ሰንሰለቱ ገና አልተፈታም ነበር። ስለዚህ የቤት ኪራይ፣ የእህል ዋጋ ወይም የፈተና ውጤት ሲያሳስበን፣ እምነት ችግሩን እንድንክድ አይጠይቀንም። በዚያው በማቴዎስ ምዕራፍ 6 የሚገኘው የጌታ ጸሎት እንኳ የሚለምነው የዛሬን እንጀራ ነው።

እኛም የዛሬን እንለምን፤ የዛሬን ሥራ እንሥራ፤ አጠገባችን እንቅልፍ ያጣውንም ሰው እንጠይቅ። ጭንቀቱ ሕመም የሆነበትን ወንድማችንን ወይም እኅታችንን በእምነት ማነስ አንውቀስ፤ አብረን እንጸልይ፣ ወደ ሐኪምም አብረን እንሂድ።