አምስቱ ሕዋሳት የነፍስ መልእክተኞች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 27 ስለ አባታችን ይስሐቅ የተጻፈውን ታሪክ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይስሐቅ ሸምግሎ ዓይኑ በፈዘዘ ጊዜ ልጁ ያዕቆብ ዔሳውን መስሎ ምርቃት ሊቀበል ቀረበ። ሽማግሌው ማየት ስለ ተሳነው የቀሩትን አራቱን ሕዋሳት ለምስክርነት ጠራ፤ ድምፁን ሰማ፥ እጁን ዳሰሰ፥ መብሉን ቀመሰ፥ የልብሱንም ሽታ አሸተተ። ከአራቱ ምስክሮች እውነቱን የተናገረ ጆሮ ብቻ ነበረ፤ ይስሐቅ ግን የሰማው ድምፅ የያዕቆብ እንደ ሆነ እያወቀ በእጁ የዳሰሰውን የጠቦት ጠጕር አመነ። እንግዲህ ሕዋሳት ወሬ ያመጣሉ እንጂ አይፈርዱም፤ የሚፈርደው ልቡና ነው። ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ እነዚህ አምስት መልእክተኞች ነው።

ዓይን ብቻውን አያይም። ብርሃን በብሌኑ መስኮት ይገባና በውስጥ ባለው ጥሩ መስተዋት ተሰብስቦ በዓይን ጓዳ ግድግዳ ላይ ተገልብጦ ይሣላል። በዚያ ስስ ግድግዳ ላይ ከ100 ሚሊዮን የሚበልጡ ብርሃን ተቀባዮች አሉ፤ እነርሱ የተቀበሉትን አንድ ሚሊዮን ያህል የነርቭ ክሮች ወደ አንጎል ያደርሱታል። የተገለበጠውን አቅንቶ «ይህ ወንድሜ ነው፤ ይህ ዛፍ ነው» የሚለው አንጎል ነው።

ድምፅም አየሩን እያንቀጠቀጠ መጥቶ የጆሮን ታምቡር እንደ ከበሮ ቆዳ ይመታዋል። ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች እየተቀባበሉ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ወደሚመስለው ውስጠኛው ጆሮ ያሻግሩታል፤ በዚያም ያለው ውኃ ሲነዋወጥ 15,000 ያህል ጠጕር ያላቸው ረቂቃን ተቀባዮች ይነቃሉ። እነዚህ አንድ ጊዜ ከሞቱ በሰው ጆሮ ውስጥ ዳግመኛ አይበቅሉም። ስለዚህ በሠርግ ቤትም ሆነ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር የድምፅ ማጉያን ከሕፃናት ጆሮ አጠገብ አናቁም።

ምላስ ለይቶ የሚያውቀው ጣፋጩን፥ ጨዋማውን፥ ጎምዛዛውን፥ መራራውንና እንደ ሥጋ መረቅ ያለውን ጣዕም ነው፤ የቀረውን ሁሉ የሚጨምርለት አፍንጫ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ይህን ብዙዎች በራሳቸው አዩት፤ የቡናው ሽታ ሲጠፋ የወጡም ጣዕም አብሮ ጠፋ። ስለ ዳሳሽ ቆዳችንም የሥጋ ደዌ ሕሙማን ያስተምሩናል፤ ሕመም የማይሰማው እጅ ምጣድ ሲያቃጥለው አይሸሽምና፤ ሰው የሚያማርረው ሕመም ጠባቂ ዘበኛ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ምእመናን ሆይ፤ አሁን የራሳችንን በደል እንንገራችሁ። በአማራ ሳይንት፥ በአጅባር አካባቢ ስናገለግል አንዲት የንስሐ ልጃችን ነጠላዋን በዓይኗ ላይ ጥላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ትቆም ነበር። ስሟን ሳንጠራ እንድንናገር ፈቅዳልናለች። «አባ፥ ሽፋሽፍቴ ወደ ውስጥ እየገባ እንደ እሾህ ይወጋኛል፤ ልጄ በወረንጦ ትነቅልልኛለች፥ ተመልሶ ይበቅላል» አለችን። እኛም «ልጄ፥ ታገሺ፤ ጠበል ተጠመቂ» ብለን አሰናበትናት። በሦስተኛው ዓመት በጥምቀት በዓል መስቀል ልትሳለም ስትቀርብ እጇ መስቀሉን ስቶ ባዶውን አየር ዳሰሰ። ቀኝ ዓይኗ ነጭ ሆኖ ነበር።

ጠበሉ አልጎደለም፤ የጎደልነው እኛ ነን። ጆሮአችን እውነቱን ነግሮን ሳለ ልቡናችን የለመደውን ፈረደ። በዚያው ሳምንት ከልጇ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ይዘናት ሄድን፤ የሽፋኗ ቆዳ ተቀዶ ሽፋሽፍቱ ወደ ውጭ ተመለሰ። የቀኝ ዓይኗ ብርሃን አልተመለሰም፤ የግራው ግን ተረፈ፤ ዛሬ መስቀሉን አይታ ትሳለማለች።

ይህ በሽታ ትራኮማ ይባላል። አማራ ክልል እርሱ እጅግ ከጸናባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። ከዓይን ወደ ዓይን በእጅ፥ በጨርቅና አይናር በሚከተሉ ዝንቦች ይተላለፋል፤ በልጅነት ደጋግሞ እየያዘ ሽፋኑን ያጠባስለዋል፤ የጠባሰው ሽፋን በጕልምስና ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ሕፃናትን የሚንከባከቡ እናቶች ስለ ሆኑ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ይጎዳል። በ1998 ዓ.ም. በመላው አገራችን በተደረገው ጥናት ከ1,000 ሰው 16ቱ ዓይነ ስውራን ሆነው ተገኝተዋል፤ ከእነርሱም ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ፥ ከመቶ 11 የሚያህሉት ደግሞ በትራኮማ ነበር። የዓይን ሞራ በሐኪም እጅ ይገፈፋል፤ ትራኮማም አስቀድሞ በመድኃኒት፥ ሽፋሽፍቱ ከተቀለበሰም በኋላ በቀዶ ሕክምና ይገታል።

ጌታችን ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው በቃል ብቻ ማዳን ሲቻለው ዓይኑን በጭቃ ቀብቶ ወደ ሰሊሆም ሄዶ ይታጠብ ዘንድ አዘዘው። ሰውየው ሄደ፥ ታጠበ፥ እያየም ተመለሰ። እምነቱ በእግሩ ሄደ፥ በእጁም ታጠበ። ስለዚህ እናቶች ሆይ፥ የልጆቻችሁን ፊት በየማለዳው እጠቡ፤ በበጋ ውኃ በደጋው ሩቅ መሆኑን እናውቃለን፤ ነገር ግን አንዲት ጣሳ ውኃ ለብዙ ሕፃናት ፊት ትበቃለች። አባቶች ሆይ፥ መጸዳጃ ቆፍሩ። ካህናት ወንድሞቻችን ሆይ፥ ለበሽተኛ ጠበል ስትሰጡ የጤና ጣቢያውንም መንገድ አሳዩ፤ ሐኪምን የፈጠረው ጠበሉን የባረከው እርሱ ነውና።

ክርስትና በተነሣን ቀን ዓይናችን፥ ጆሮአችን፥ አፍንጫችን፥ አፋችንና እጃችን በቅዱስ ሜሮን ታትመዋል። በቅዳሴም ዓይን ሥዕሉን ያያል፥ ጆሮ ዜማውን ይሰማል፥ አፍንጫ ዕጣኑን ያሸታል፥ አፍ ቅዱስ ቍርባኑን ይቀበላል፥ ከንፈርም መስቀሉን ይሳለማል። እንዲህ የታተሙትን መልእክተኞች በክፉ ነገር አናሠማራቸው፤ እውነትን ሲያመጡልንም ደጁን አንዝጋባቸው። የደጅዋን እናት ቃል በሰማን ጊዜ ልቡናችን ፈጥኖ ይፍረድ፤ እግራችንም ፈጥኖ ይሂድ።

አምላካችን የሥጋችንንም የልቡናችንንም ዓይን ያብራልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።