ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም



እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ የፈጠራ ችሎታን በሥራና በዕለት ኑሮ ውስጥ ሕያው አድርጎ ስለ ማቆየት ነው። ይህ ነገር በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣው መልስ «ጊዜ የለኝም» የሚለው ነው። ሥራው በዛ፣ ኑሮው ተወደደ፣ የትራንስፖርቱ ወረፋ ጉልበት ጨረሰ፤ ትንሽ ፋታ ባገኝ ኖሮ እጽፍ ነበር፣ እሥል ነበር፣ የጀመርኩትን እጨርስ ነበር። ይህን የሚል ሰው አይዋሽም፤ ኑሮው በእርግጥ ከባድ ነው። እኔ ግን ፋታ ማጣት ፈጠራን ያዳክመዋል እንጂ አይገድለውም ባይ ነኝ። የሚገድለው ትናንት የሠሩትን ዛሬ መድገም፣ ዛሬ የደገሙትንም ነገ መድገም ነው። እንዲህ በድፍረት የምናገረው፣ በየቀኑ አዲስ ነገር መፍጠርን ከተማሪው ሁሉ የሚጠይቅ ትምህርት ቤት በአገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት ስለኖረ ነው። እሱም ቅኔ ቤት ነው።

አሠራሩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለማያውቁት ግን ጥቂት ልዘርዝር። የቅኔ ተማሪ አስቀድሞ የግእዝ ግሥ ያጠናል፣ ርባታውን ይለያል። ከዚያ ሁለት ቤት፣ ማለት ሁለት ስንኝ፣ ብቻ ባላት በጉባኤ ቃና ይጀምራል። እሷን ሲለምዳት ባለ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ይከተላል፤ ዋዜማው አምስት ቤት ነው፣ ሥላሴው ስድስት፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። በየደረጃው ዜማው የታወቀ፣ የቤቱም ቁጥር የተወሰነ ነው። ተማሪው የሚያመጣው አዲስ ነገር በዚያ ጠባብ ልክ ውስጥ ማደር አለበት።

ቀን ቀን ተማሪው ቅኔውን ሊቆጥር፣ ማለት ሊደርስ፣ ይወጣል። ደበሎውን ደርቦ ከዛፍ ሥር ወይም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ጥግ ይቀመጣል፤ ማንም አያናግረውም። ቁራሽ ሊለምን አኮፋዳውን አንግቦ ሲሄድ እንኳ አሳቡ ቤት ከመምታቱ ላይ ነው፤ የመንደሩ ውሻ ሲያባርረው ቃሉ ይጠፋበታል፣ ሲረጋጋ እንደገና ይፈልገዋል። ሲመሽ ከየኔታ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይናገራል። ግሡ ከተሳሳተ፣ ቤቱ ካልመታ፣ ሰሙ ወርቁን መሸከም ካቃተው እዚያው በጓደኞቹ ፊት ይታረማል። ታርሞ የተቃናው ቅኔ ግን ለነገ ስንቅ አይሆነውም። በነጋታው ሌላ ይፈለግበታል። አዋቂ ሆኖ በማሕሌት ሲቆምም ሕጉ ያው ነው፤ ለዕለቱ በዓል የሚስማማ አዲስ ቅኔ ይቀርባል፣ ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም።

ረኀቡን ላወድስ አልመጣሁም። ያ ኑሮ ብዙ ልጆችን በችግርና በበሽታ አሠቃይቷል፤ ያለ እሱ ቅኔ መማር ቢቻል ኖሮ ደስ ባለኝ። ስንት ድንቅ ቅኔ ከአፍ ወጥቶ ሳይጻፍ መቅረቱም ያሳዝነኛል። ነገር ግን ከዚያ ቤት የምንወስደው ትልቅ ነገር አለ። እዚያ ቤት ውስጥ «ዛሬ መንፈሱ አልመጣልኝም» የሚባል ነገር የለም። ምሽቱ አይቀርም፣ የኔታም አይቀሩም። ተማሪው ደክሞም፣ ተክዞም፣ ናፍቆት ይዞትም ሁለት ቤት ይዞ ይቀርባል። ከቀረቡት ብዙዎቹ ደካማ ናቸው፤ መምህሩም ይህን ያውቃሉ። ደካማ ቅኔ ይዞ መቅረብ የማያሳፍረው የነገው ቅኔ ስለማይቀር ነው። በዓመት አንዴ የሚፈጥር ሰው ያቺ አንዷ እንዳትበላሽበት ይንቀጠቀጣል፤ በየቀኑ የሚፈጥር ሰው ግን መሳሳትን አይፈራም። እኛን የያዘን ይሉኝታ፣ «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ፍርሃት፣ እንደ እኔ ግምት ከችሎታ ማነስ ይልቅ ከሥራችን ብርቅ መሆን የመጣ ነው።

ይህ ጸጋ ለተወሰኑ ሰዎች ብቻ የተሰጠ ነው የሚል ካለ፣ የጎጃሟን የጽላሎ ባለቅኔ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ያስብ። ዐይነ ስውር ነበሩ፣ ሴት ነበሩ፤ በዘመናቸው ለሴት ልጅ ወንበር ተዘርግቶ የሚጠብቅበት ሁኔታ አልነበረም። አባታቸው መምህር ስለነበሩ እያደመጡ ተማሩ፤ በኋላም በአባታቸው ወንበር ተተክተው ወንዶቹን ደቀ መዛሙርት ቅኔ አስተማሩ። ብራና አላነበቡም። የቤቱ ሕግ የሚጠይቀው ማድመጥን፣ ማሰብንና አዲስ ይዞ መቅረብን ስለነበረ ግን ሦስቱም ከእጃቸው አልወጡም።

ከዚያው ሥርዓት የወጡ ሌላ ሰው ላንሣ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ተወለዱ፤ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቀሰሙ። ከዚያ በኋላ የኖሩት ኑሮ ለጽሕፈት የሚመች አልነበረም። በወረራው ዘመን ተዋግተው ተማረኩ፣ ጣሊያን አገር ታሰሩ። ሲፈቱ በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ በአሜሪካ ዲፕሎማት፣ የትምህርት ሚኒስትር፣ በለንደን አምባሳደር ሆኑ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም የኀምሳ ስድስት ዓመት ሰው ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በቢሮ፣ በስብሰባና በመንገድ ያሳለፉ ሰው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያለውን በዛብህን አስቡት፤ የቆሎ ተማሪውን ኑሮ፣ የድብትርናውን ዓለም፣ የገጠሩን ባላባት ወግ። ልጅ ሆነው ያዩትን፣ የለንደንም የኒውዮርክም ወሬ ያልሸፈነባቸውን ነገር ነው ያወጡት። ሥራቸው ጊዜያቸውን ወስዶባቸዋል፤ ዐይናቸውን ግን አልወሰደም። ጡረታ ከወጡ በኋላም «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974፣ «የልምዣት» በ1980፣ «ትዝታ» በ1985 ዓ.ም. ወጡ። የመጨረሻው ሲታተም ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነበር።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንግባ። ፈጠራ ሲባል መጽሐፍና ሥዕል ብቻ የሚታየን ከሆነ ብዙ ሰው ከጉዳዩ ውጭ ይቀራል። አክስቴ ስፌት ትሰፋ ነበር። አክርማውን ቀይ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ነክራ ታደርቀዋለች፤ ልትሰፋ ስትል በውኃ ታርሰዋለች እንዳይሰበር። ስንደዶውን በመሐል ይዛ በወስፌ እየበሳች፣ አክርማውን አስገብታ እየሳበች ታጠብቃለች። አንዱ ዙር ካለቀ ሌላው ይጀመራል። ሐረጉ የተሣለበት ወረቀት የለም፤ ሁሉም በራሷ ውስጥ ነው። ሦስት ቀይ፣ ሁለት ነጭ፣ ቀጥሎ አንድ ገባ እያለች በልቧ ትቆጥራለች፤ ቡናው እየፈላ፣ ጎረቤት እያወራ፣ ልጅ እያለቀሰ። መልኩ ሲዛባባት ፈትታ ትመልሳለች። አንዲት ጎረቤት ያለፈውን መሶብ አይታ «ልክ እንደዚያኛው አድርገሽ ስሪልኝ» ስትላት «እሱማ ተሠራ» አለቻትና ጠርዙን ለወጠችው። መሶቡ እንጀራ ለመያዝ ያ ሐረግ አያስፈልገውም። ለእሷ ግን ያስፈልጋት ነበር። እሷን ሥራ ፈት የሚል ማንም የለም፤ ጊዜም አልነበራትም። የነበራት፣ እጇ ላይ ባለው ሥራ ውስጥ የማትደግመው አንድ ነገር ነበር።

ከዚህ ጋር መሥሪያ ቤቶቻችንን ሳስተያይ አዝናለሁ። የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲዘጋጅ ያለፈው ፋይል ይከፈታል፣ ቁጥሩ ይቀየራል፣ «የታዩ ጠንካራ ጎኖች»፣ «ያጋጠሙ ችግሮች»፣ «የተወሰዱ መፍትሔዎች» የሚሉት አንቀጾች ግን እንዳሉ ይሻገራሉ። ችግሩ ያው፣ መፍትሔውም ያው። አንድ ጊዜ በእጄ የገባ ሪፖርት የአምናውን ዓመተ ምሕረት ርእሱ ላይ እንደያዘ ተፈርሞና ማኅተም ተመትቶበት አይቻለሁ። የጻፈው ልጅ ሰነፍ አልነበረም፤ ሲቀጠር ብዙ አሳብ ይዞ የመጣ ወጣት ነበር። ሪፖርቱን አንብቦ የሚጠይቀው ሰው አጣ፣ ስለዚህ መድገም ጀመረ። ምሽት ላይ የኔታ የሌሉበት ቅኔ ቤት ቢኖር ተማሪው ከሦስት ቀን በላይ አዲስ ነገር ይቆጥራል ብዬ አላምንም።

በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የተሰቀለውን የአስተያየት መስጫ ሣጥን ታውቁታላችሁ። ብዙውን ጊዜ ቁልፉ ዝጓል፤ ወረቀቱም እስክሪብቶውም የለም። የጃፓኑ መኪና አምራች ቶዮታ ግን የሠራተኞቹን አሳብ የሚሰበስብበትን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1951 ጀምሮ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ እኛም የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. አቋቁመን ያንን ልምድ ወደ ፋብሪካዎቻችን ለማምጣት ሞክረናል። ቀለም ቀብቶ መስመር ማስመር፣ ዕቃ በቦታው ማስቀመጥ ቶሎ ይለመዳል። የሥርዓቱ ነፍስ ግን የማሽኑ ሠራተኛ «ይህችን ብሎን ከዚህ ወደዚያ ብናዞራት» ሲል የሚሰማው አለቃ መኖሩና መልስ መስጠቱ ነው፤ መልሱ «አይሆንም፣ ምክንያቱም…» ቢሆን እንኳ። መልስ ያላገኘ አሳብ ሁለተኛ አይመጣም።

ስለ ልክና ስለ ገደብም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ገደብን የፈጠራ ጠላት አድርጎ ያየዋልና። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት የሙዚቃ ቅኝቶቻችን እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ብቻ ናቸው። ጅማ የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄ በእንግሊዝና በቦስተኑ በርክሊ ተምረው የጃዙን ሰፊ ስምምነት ሲያውቁ እነዚያን አምስት ድምፆች አልጣሉም። የቅኝቱ ጠባይ እንዳይጠፋ እየተጠነቀቁ ከጃዙ ጋር አዋሐዷቸው፤ ኢትዮ ጃዝ የሚባለው ከዚያ ጥበት ወጣ። ነርሷ የምትሠራበት መመሪያ፣ መምህሩ የሚያስተምርበት መጽሐፍ፣ ሒሳብ ሠራተኛው የሚሞላው ቅጽ እንዲሁ ልክ ነው። በልኩ ውስጥ ለራስ የሚቀር ቦታ አለ። መርፌ ከመውጋቷ በፊት ሕፃኑን የምታናግርበትን መንገድ በየጊዜው የምታሻሽል ነርስ መመሪያውን አልጣሰችም።

የቅኔ ቤቱን ዝምታ ግን አሁን በገዛ እጃችን አጥተነዋል። የቅኔ ተማሪው ከዛፍ ሥር የሚያገኘው ጊዜ ለእኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ባንክ ቤት ወረፋ ላይ፣ ውኃ እስኪፈላ ድረስ ይመጣልናል። ያንን ሁሉ ለስልካችን ሰጥተነዋል። ቲክቶክን ለመንቀፍ አልተነሣሁም፤ በእሱ ላይ ድንቅ ነገር የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። ነገር ግን አእምሮ የራሱን ነገር የሚቆጥረው ሌላ ሰው በማይናገርበት ሰዓት ነው፤ ያ ሰዓት ጨርሶ ከተወሰደ የሚቆጠር ነገር አይኖርም። ከቤት እስከ ሥራ ያለውን መንገድ ስልኩን ኪሱ ከትቶ የሚሄድ ሰው ፋታ አጣሁ ማለቱን በሳምንቱ ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ።

በዚህ አዳራሽ ሰው የምታሠሩ፣ ክፍል የምትመሩ፣ ቤተሰብ የምታስተዳድሩ ብዙ ናችሁ። የማቀርበው አሳብ ለእናንተ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሥራ ከመውጫው በፊት ግማሽ ሰዓት ስጡ። እያንዳንዱ ሰው በዚያ ሳምንት ካለፈው ለየት አድርጎ የሠራውን አንድ ነገር ይናገር፤ ትንሽ ቢሆንም፣ ያልተሳካ ቢሆንም። ሕጉ አንድ ይሁን፤ ያለፈው ሳምንት አይደገምም። አለቃውም እንደ ሌላው ተራው ሲደርስ ይናገር፣ እሱም ይታረም። የሚያርሙት ሥራውን ያርሙ እንጂ በሰውዬው ላይ አይፍረዱ፤ የኔታም የሚያርሙት ግሡን ነበር። በቤትም ይቻላል፤ ልጆቻችንን «ስንት አገኘህ?» ከምንላቸው «ዛሬ ምን አዲስ ነገር ሞከርክ?» ብለን ጠይቀን መልሱን እስከ መጨረሻው እንስማ።

ሥራ ይበደላል የሚል ሊኖር ይችላል። በወር ሁለት ሰዓት ነው። ያለፈውን ሪፖርት ለመገልበጥ የሚሄደው ጊዜ ከዚህ ይበልጣል ብዬ እገምታለሁ። መጀመሪያ ላይ ሰዎች ዝም ይላሉ፣ ይተፋፈራሉ፣ «ምንም የለኝም» ይላሉ። በዚህ ተስፋ ቆርጣችሁ አትተዉት። ባዶ እጁን የመጣውን ሰው ሳታሳፍሩት ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ስጡት፤ በሚቀጥለውም ሳምንት ተቀምጣችሁ ጠብቁት።