የሕዝብ ገንዘብና ምናባዊው ዓለም




የኩብን ቅርጽ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሥዬ ሳስተምር፣ ዕጩ መምህራኑን የሚቸግራቸው ከጀርባ ያሉትን ጠርዞች በዓይነ ኅሊና ማየት ነው። ዛሬ ግን በዓይን ላይ የሚጠለቅ መሣሪያ ያገኘ ተማሪ ኩቡን በአየር ላይ አይቶ ሊዞረው ይችላል። ይህ ጥበብ ምናባዊ እውነታ ይባላል፤ ከገሐዱ ዓለም ጋር ሲዋሐድም ቅይጥ እውነታ ይሰኛል።

ወጪውን ማን ከፈለ? እ.ኤ.አ. በ1968 ኢቫን ሰዘርላንድ የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ ከጣራ ጋር የተያያዘ፣ በራስ ላይ የሚጠለቅ መሣሪያ ሠርተው፣ በመስመር የተሣለ ኩብ በክፍሉ ውስጥ ተንጠልጥሎ እንዲታይ አደረጉ። ከረዷቸው አንዱ የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት፣ አርፓ፣ ነበረ። ከዚያም በኋላ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመንግሥት የጤና ምርምር ገንዘብ ተደግፈው፣ በእሳት የተቃጠሉ ሕሙማን ቁስላቸው ሲጠረግ ምናባዊ የበረዶ አገር እያዩ ሥቃያቸው እንዲቀልላቸው አድርገዋል።

እ.ኤ.አ. በ2014 ፌስቡክ ኦኩለስን በ2 ቢሊዮን ዶላር ያህል ገዛ። ከሰዘርላንድ ሥራ እስከዚህ ገበያ ድረስ 46 ዓመት መቈጠሩ ልብ ሊባል ይገባል። ትርፉን ቶሎ የሚሻ ነጋዴ ይህን ያህል አይታገሥም፤ የሕዝብ ገንዘብ ግን ሊታገሥ ይችላል።

እንግዲህ ዘሩን ሕዝብ ካዋጣ፣ ከመከሩ ለሕዝብ ትምህርት ቤት ድርሻ ይገባዋል። ስለዚህ መንግሥታት ለዚህ ምርምር ገንዘብ ሲመድቡ፣ መምህር ከዕቅዱ ጀምሮ በምክሩ እንዲገባ፣ መሣሪያውም ለድኻ ተማሪ እንዲደርስ ይደንግጉ እላለሁ።